ሞተሩ የራሱ ነው

መዝገቡን ስፈልግ የነበረው እሱን ነፃ ላወጣ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ደግ ሴት መስዬያችሁ እንዳታዝኑልኝ። ስፈልገው የሰነበትኩት እኔ ትክክል እንደነበርኩ ለራሴ ላረጋግጥ ነበር።

ሥራዬ የመኪና ልደት መመስከር ነው። ፋብሪካው መኪና መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ በሩ የሚከፈተው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ጽፎ ያመጣልኛል። እኔ ከመሳቢያ ካርዱን አወጣና «ይህች መኪና በዚህ ቀን ተሠርታ አለቀች፤ ቀለሟም ይህ ነበር» ብዬ እጽፋለሁ። ፈርሜ ማህተም አደርግበታለሁ። ደብዳቤዬን በፍሬም አሠርተው ሳሎን የሚሰቅሉ ሰዎች አሉ። የሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ የሰቀሉትም አጋጥመውኛል፤ የትኛው ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ ባልናገር ይሻላል።

በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ የአባቴ ፊርማ አለ። አባቴ የመጨረሻ ፍተሻ ሹም ነበር። እሱ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ማህተሙን ካላሳረፈ ከፋብሪካው በር የምትወጣ መኪና አልነበረችም። ሠራተኞቹ «ጋሼ ማህተም» ይሉት ነበር። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ውጤቴን የሚፈርምልኝ መምህሩ የደመረውን እንደገና ደምሮ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔም ከእሱ የወረስኩት ነገር ቢኖር በወረቀት ማመን ነው።

ብሎንን ያወቅኩት በመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው። መካኒክ ነው። ብሎን ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ የፈታውን ሞተር መልሶ ሲገጥም አንዲት ብሎን እጁ ላይ ከተረፈች ሁሉንም እንደገና ካልፈታ እህል አይቀምስም። ሐሙስ ሐሙስ የደንበኞቹን መኪና ቁጥር ይዞ ይመጣ ነበር። አንድ ሐሙስ ያመጣውን ቁጥር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

«ይህ ቁጥር የለም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል። «የማውቃቸውን መኪኖች ጨረስኳቸው። ሰበብ አልቆብኝ ነው።»

ከዚያ በኋላማ ነገር ዓለሙ ተለወጠ። የማመልከቻው ቅጽ ላይ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ጀመር። «ለመዝገብ ቤቱ፦ ባለፈው ሐሙስ ቢጫ ሹራብ ለብሳ የነበረችው ሠራተኛ በቀጣዩ ሐሙስም ትለብሰው እንደሆነ ተረጋግጦ ይጻፍልኝ።» እኔም ቁጥር ሰጥቼ፣ ቀን ጽፌ፣ «ተረጋግጧል» ብዬ እመልስለታለሁ። እነዚያን ወረቀቶች እስከ ዛሬ በማኅደር አስቀምጫቸዋለሁ። ሌላ ሴት ብትሆን ትራስ ሥር ታደርጋቸው ነበር።

አባቴ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ለሚውል ሰው?» አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆንን። በመጨረሻ ለመንኩት፣ አለቀስኩ፤ ትንሽ ላላ አለ። ያን ጊዜ ብሎን ባላቸው የሞቱባቸውን የአንዲት ትልቅ ሴት መኪና እያደሰ ነበር። ባላቸው ወጣት ሳሉ ሙሽራ አድርገው የወሰዷቸው በዚያች መኪና ነው። መኪናዋ ሁለት ዓመት ሙሉ በብሎን ጋራዥ ውስጥ ከርማለች። «ይህን ሥራ በክብር ከጨረሰ ቤት ይምጣና ልየው» አለ አባቴ። ያን ቀን ከደስታ ብዛት ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ሥራው አለቀ፤ መኪናዋም ትናንት ከፋብሪካ የወጣች መሰለች። ሴትዮዋ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ላስመዝግባት አሉ። የማኅበሩ መርማሪ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ያለውን ቀን አነበበ። የእኛ ፋብሪካ ሞተሩ ሲያልቅ ቀኑን ብረቱ ላይ ይመታበት ነበር። ከዚያ የመኪናዋን ካርድ እኔ ዘንድ አስጠየቀ።

ካርዱ መኪናዋ የበጀት ዓመቱ በተዘጋበት ቀን ተሠርታ አልቃለች ይላል። ሞተሩ ደግሞ ከዚያ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው የተሠራው። ከሞተሯ በፊት ያለቀች መኪና እንዴት ትኖራለች? መልሱ አንድ ብቻ ነበር፦ የመጀመሪያው ሞተር ወጥቶ ሌላ ገብቶበታል። መኪናዋን ደግሞ ባልየው ራሳቸው ይጠግኗት ስለነበር ከብሎን በቀር የሌላ መካኒክ እጅ አልነካትም።

ካርዱን አስር ጊዜ አየሁት። የአባቴ ፊርማ ነው። የአባቴ ፊርማ ደግሞ አይዋሽም። «የሞተሩ ቀን ከመኪናዋ ምርት ቀን ጋር አይጣጣምም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከመፈረሜ በፊት ጋራዡ ድረስ ሄጄ «ምንድን ነው ነገሩ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው።

ደብዳቤዬ ማኅበሩ በር ላይ ተለጠፈ። ትልቋ ሴት ብሎንን «ልጄ አድርጌህ ነበር» ብለው መኪናቸውን አስጎትተው ወሰዱ። በሳምንት ውስጥ ደንበኛ የሚባል ጠፋ። ሞተር ሰርቆ የሚሸጥ ሰው ጋ ማን መኪናውን ያቆማል? አባቴም «ድሮስ ምን ብዬሽ ነበር?» አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በዚያው የማመልከቻ ቅጽ ላይ የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ።

«ለመዝገብ ቤቱ ሳይሆን ለአንቺ። ሞተሩን አልቀየርኩም። ቀኑ ለምን እንደማይገጥም አላውቅም፤ እኔ ያየሁት ማንም ያልፈታው ሞተር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይህን ከተማ ለቅቄ እሄዳለሁ። ስሜን አጽጂልኝ አልልሽም፤ ወረቀትም አልፈልግም። ከቅዳሜ በፊት ባዶ እጅሽን መጥተሽ አምንሃለሁ ብትይኝ ግን የትም አልሄድም። ሌባ ቢሉኝም እዚሁ እኖራለሁ።»

ባምነውማ በበረርኩ! አላመንኩትም። እየወደድኩት፣ እየናፈቅኩት፣ አላመንኩትም። ለዚህ ነው መዝገብ ፍለጋ የገባሁት። የሞተር ቁጥር በካርድ ላይ አይጻፍም ነበር፤ የሚጻፈው ሞተር ከግምጃ ቤት ሲወጣ በሚሞላው መዝገብ ላይ ነው። የዚያ ጊዜው መዝገብ ተቃጥሏል ይባላል። ድንገት ከተገኘ፣ የመጀመሪያውን ሞተር ቁጥር አይቼ «ይኸው፣ ቀይሮታል» ብዬ ልቤን ላሳርፈው ፈለግኩ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ አሮጌ ጎማ በተከመረበት መጋዘን፣ ከጥቅል ካርቶን ሥር አገኘሁት። አልተቃጠለም፤ አንድ ጠርዙ እንኳ አልጠቆረም።

የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ አሥራ አንድ ሞተሮች ወጥተዋል። ሰባተኛው በትልቋ ሴት መኪና ውስጥ ዛሬም ያለው ነው፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከጎኑ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ «አስቀድመው ተጠናቅቀዋል ተብለው ለተመዘገቡ መኪኖች» ይላል። ከዚያ ሥር የአባቴ ፊርማ አለ።

ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ያለ ሞተር የቆሙ አሥራ አንድ መኪኖችን አልቀዋል ብሎ ካርድ ላይ አተመ። ሞተሮቹ ሲደርሱ ደግሞ ትክክለኛውን ቀን መዝገብ ላይ ሳይሞላ ማለፍ አልሆነለትም። ውሸቱን እንኳ ሥርዓት አስይዞ የሚመዘግብ ሰው ከአባቴ በቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

ብሎን እውነቱን ነበር። እሱን ለማውጣት አባቴን ማስገባት አለብኝ።

*

አባቴን መስኮቱ ሥር ጋዜጣውን በማጉያ መነፅር እያነበበ አገኘሁት። ደረቱ ከታመመ ወዲህ ደረጃ አይወጣም፤ ዓለሙ ያቺ መስኮት ናት። መዝገቡን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ሳይገልጠው አወቀው።

«የት አገኘሽው?»

«ጎማ መጋዘን። ተቃጥሏል ያልከው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ። ላቃጥለው ወስጄው ነበር» አለ። «ክብሪቱን ይዤ ቆምኩ። መዝገብ ማቃጠል አልቻልኩም።»

«ለምን አባዬ? ለምን አተምክባቸው?»

መነፅሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «የሞተር ክፍሉ ማሽን ተሰብሮ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የታቀደው መኪና ካልሞላ ሁለተኛው የመገጣጠሚያ መስመር ይዘጋል ተባለ። መስመሩ ላይ የቆሙትን ሁሉ በየስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ የልጆቻቸውንም ስም። ሁለት ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ ማን ይጎዳል አልኩ።»

«ብሎን ተጎዳ።»

የጋዜጣውን ጠርዝ አጠፈ።

«አባዬ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ራት ላይ ቀኑ አይገጥምም ብዬ ስነግርህ ታውቅ ነበር?»

መዝገቡን በመዳፉ ሸፈነው። ያ መልሱ ነበር።

«እያወቅክ? ‹ድሮስ ምን ብዬሽ ነበር› ስትለኝ፣ እያወቅክ?»

«ፈራሁ» አለ። አባቴ ይህን ቃል ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ያለኝ ነገር ያ ፊርማ ነው። ሌላ ምን አለኝ? አንድ ጊዜ ዋሸ ከተባለ የቀረውን ማን ያምነዋል? በየሰው ሳሎን የተሰቀለው ሁሉ ሊወርድ ነው።»

«እሱስ? የእሱ ስምስ?»

«እሱ ወጣት ነው። ይነሳል።» እጄን ያዘኝ፤ እጁ ቀዝቅዟል። «ሐኪሙ የነገረሽን እኔ ያልሰማሁ ይመስልሻል? ሰምቻለሁ። ብዙ አልቆይም። አትጻፊ አልልሽም። ትንሽ ብቻ ጠብቂ። መጀመሪያ እኔን ቅበሪኝ፤ ከዚያ ጻፊው።»

በቃ፣ ይህን አለኝ። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ከቤቴ ውጪ ብትለኝ ምን ነበረበት አባዬ! ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ ቆየሁ። ፀጉሬን ይዳብሰኝ ነበር፤ እሺ ያልኩት መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ቅዳሜን እየቆጠርኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። «ዛሬ እጽፈዋለሁ» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «በሩን ዝጊው፤ ብርድ ይገባል» አለኝ።

*

ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ጻፍኩት። አሥራ አንዱንም መኪኖች በየቁጥራቸው ዘረዘርኳቸው። «የካርዱ ቀን ትክክል አይደለም፤ ሞተሩ መኪናዋ ስትሠራ የገባላት የራሷ ሞተር ነው» የሚለውን ስጽፍ አንዴም አልቆምኩም። የአባቴን ስምና ማዕረግ ስጽፍ ነው ብዕሩን ያስቀመጥኩት። አንስቼ ጨረስኩት። አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለትልቋ ሴት፣ አንዱ ለእሱ። መጀመሪያ ግን ወደ እሱ ሄድኩ፤ ማየት ነበረብኝ።

ጋራዡ ባዶ ነው። መኪና በሚቆምበት ቦታ የዘይት ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። እሱ መፍቻዎቹን በቁመታቸው እየደረደረ በሳጥን ያስገባል። ከሳ፤ ቱታው ሰፍቶታል። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የበራውን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ማንም ሰው እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«መጣሽ» አለ።

«መጣሁ።»

ሳጥኑን ትቶ ተነሳ። አልቀረበኝም። ቦርሳዬን አየ፣ ዓይኔን አየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያገኘሽው ነገር ስላለ ነው የመጣሽው ወይስ ስላመንሽኝ?»

እዚህ ላይ ያለፈብኝን አልደብቃችሁም። ቦርሳዬ ዝግ ነበር። «ስላመንኩህ» ብል አለቀ፤ እቅፉ ውስጥ ነኝ። አባቴ በክብሩ ይሞታል። ደብዳቤዎቹን መንገድ ላይ እቀዳድዳቸዋለሁ። እሱ ራሱ ስሜን አጽጂልኝ አልልሽም ብሏል። ከሦስታችን አንዳችንም አናለቅስም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደዚያን ሰዓት ለመዋሸት ጓጉቼ አላውቅም።

ግን ያ ሰው አንዲት ብሎን ተርፋው እህል አይቀምስም። ከእሱ ጋር ዕድሜ ልኬን ይህችን ደብቄ እንዴት እኖራለሁ?

«ስላገኘሁ ነው» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «አላመንኩህም ነበር። መዝገቡን የፈለግኩትም አንተን ለማጋለጥ ነበር።»

ፊቱ ላይ የበራው ጠፋ። እኔው ነኝ ያጠፋሁት። መዝገቡንና ደብዳቤውን አውጥቼ ሳጥኑ ላይ አኖርኩለት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወሰደው። ደብዳቤውን ቀስ ብሎ አነበበ፤ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። የትኛው መስመር እንደሆነ አውቃለሁ።

«አባትሽ ናቸው» አለ።

«አዎ።»

«ያውቃሉ? እንደምትጽፊው?»

«ነግሬዋለሁ። ‹እኔን ቅበሪኝና ከዚያ ጻፊው› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠበቅሽም?» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «የአንድ ሽማግሌ የመጨረሻ ልመና ነው! እኔ ወረቀት አምጪ አልኩሽ? አንዲት ቃል ነው የለመንኩሽ፤ ያቺን ነሳሽኝ። ማንም ያልጠየቀሽን ደግሞ ይዘሽ መጣሽ!»

«እውነት ስለሆነ ነዋ!» ጮህኩ። «አንተ ሌባ አይደለህም! ይህን በፊርማዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በፊርማዬ የማነሳውም እኔ ነኝ። ውሸት ነግሬህ ብታቅፈኝ ምን ዋጋ አለው? እቅፍህ ውስጥ ሆኜ እሞት ነበር።»

«ብትዋሺኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«አሁን ግን ምን ላድርግሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ላድርግሽ?» ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ልነካው እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩት። መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ውጪ ሰዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ሆርን ያደርጋል፤ ዓለም ሥራ ላይ ነው። እኔ እዚያ ቆሜ ሁለቱንም እንዳጣሁ ተረዳሁ። ጠዋት በሩን ስዘጋ አባቴን፣ አሁን አፌን ስከፍት እሱን። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ቦርሳዬን አነሳሁ። «ሁለቱን ቅጂ አሁን አደርሳቸዋለሁ። በጊዜ ከደረሰ ነገ ከመሄድህ በፊት ትልቋ ሴት ይጠሩህ ይሆናል» አልኩት። በሩ ጋ ደረስኩ።

«ቆይ።»

ዞር አልኩ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አባትሽ አሁን ከማን ጋር ናቸው?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ከማንም። ብቻውን ነው።»

«ብቻቸውን?» ተነሳ። «እንዲህ ባለ ቀን ብቻቸውን ትተሻቸው መጣሽ? ደረታቸውን ያማቸዋል ስትይኝ አልነበር?» ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን በሳሙና ይፈትግ ጀመር፤ ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቁር ሳይቀር እየፋቀ። «ደብዳቤው ከሰዓትም ይደርሳል። ተነሽ፣ እንሂድ።»

«ምን ልትለው?»

«ምንም። ምን እላቸዋለሁ?» ውሃው በክርኑ እየወረደ ነበር። «አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ጋራዡ በር ላይ፣ መንገደኛ እያየኝ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅኩ አለቀስኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌባ ያልኩት ሰው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ማን እንደሆነ ያላወቅኩት መዝገብ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ቱታውን አውልቆ ንፁህ ሸሚዝ ለበሰና በሩን ቆለፈው። ሁለት እርምጃ ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። እጄን አልያዘኝም፤ ዞር ብሎም አላየኝም። ነገ ይሂድ አይሂድ አልጠየቅኩትም። ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ፣ ዓይኔን ጀርባው ላይ ተክዬ፣ ዝም ብዬ ተከተልኩት።